ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሐዋሳ ፀሐይ፦ ቆላ ወርዳችሁ ስትመለሱ የሚመጣውን ትኩሳት ጉንፋን አትበሉት

ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ታኅሣሥ ብርድ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ወቅት ሰማዩ በጠራ ቁጥር ሌሊቱ ይከፋል፤ ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል፣ ደጅ ያደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ይሠራል። እኛ ጎልማሶቹ ጋቢ ደርበን፣ ከምድጃው ሳንርቅ እንገፋዋለን። የእናቴ ጉልበት ግን ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ እንደታሰረ ነው። ጠዋት ከአልጋዋ የምትወርደው ግድግዳ ይዛ፣ «በስመ አብ» ብላ፣ አንዱን እግር አስቀድማ ሌላውን በእጇ እየጎተተች ነው። አምና ይህን ማየት ሲከብደኝ እሷንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ በገና ሰሞን ሐዋሳ ወረድኩ።

ጉዞው ለእናቴ መድኃኒት ሆነላት። ከተመለስን በኋላ የመጣው ወባ ግን ልጄን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ከደጋ ወርዶ ፀሐይ ሊሞቅ ላሰበ ሁሉ ነው። አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ሂዱ፣ ግን እኛን ያገኘን እናንተን እንዳያገኛችሁ።

መጀመሪያ ያሰብነው አዳማን ነበር። ለእኛ ይቀርባል፣ መንገዱም ቀላል ነው፣ ከዚያ ሶደሬ ተወርዶ ፍል ውኃ ይገባል። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ሶደሬን የሚመርጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እናቴ ግን «ከወረድኩ አይቀር የሐዋሳውን ገብርኤል ልሳለም» አለች። ልጄም ሐይቅ በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ ከአያቱ ጋር ወገነ። በዚሁ ተወሰነ።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከእኛ አገር ለሄደ ሰው የፋሲካ ያህል ደስ ይላል። ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ሌሊቱን ነው። ይህ ደረቅ ወቅት የሐዋሳ ሌሊት ከዓመቱ ሁሉ የሚቀዘቅዝበት ነው፤ ንጋት ላይ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። «ሙቀት አገር ነው» ብላችሁ የአዛውንቱን ጋቢ ቤት ጥላችሁ እንዳትሄዱ። እኛ ይዘን ስለሄድን ጠቅሞናል።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማድረግ ለወጣት ምንም አይደለም፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን ቅጣት ነው። ላምበረት ወርደን፣ እህቴ ቤት አድረን፣ በነጋታው ማለዳ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄድን። ከቻላችሁ እንዲህ ከፍላችሁ ሂዱ። አዛውንት ከያዛችሁም ከሹፌሩ ኋላ ያለውን፣ እግር የሚያዘረጋውን ወንበር ቀድማችሁ ያዙ፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ደግሞ አውርዳችሁ ጥቂት አራምዷቸው። እናቴ ሞጆ ላይ ጋቢዋን አወረደች፣ መቂ ስንደርስ ሹራቧን አወለቀች፣ ሻሸመኔ ላይ ነጠላዋ ብቻ ቀረ። መስኮቱን ከፍታ ነፋሱን ፊቷ ላይ እየተቀበለች ዝም ብላ ፈገግ ስትል ያየሁት ለእኔ የጉዞውን ዋጋ ያኔውኑ መለሰልኝ።

ችግራችን የጀመረው ሐዋሳ በደረስንበት ቀን ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 18 ነበር፣ የገብርኤል ዋዜማ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ እንደሚጥለቀለቀው ሁሉ ሐዋሳም ከየአገሩ በሚመጣ ምዕመን ትሞላለች። እኔ በዓሉን አውቃለሁ፣ ከተማው አልቤርጎ በአልቤርጎ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሄደን እንይዛለን ነበር ያልነው። ባጃጅ ተኮናትረን ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ዞርን። ባዶ ክፍል ያለው የለም፣ ያለውም ዋጋውን ሰቅሎታል። እናቴ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ ሳይ፣ ሲመሽብን የተገኘውን ያዝኩ፤ ሐይቁ ዳር፣ ሸምበቆው ጥግ ያለች አንዲት ፔንሲዮን ነበረች።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ከአልጋው በላይ ጣሪያው ላይ የአጎበር መስቀያ ብረት አለ፣ አጎበሩ ግን የለም። ስጠይቅ አስተናጋጁ «ታጥቦ ነው እንጂ አለ፣ ማታ አመጣለሁ» አለኝ። መስኮቱ ወንፊት ሽቦ ነበረው፤ ከታች ጥጉ ላይ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፣ እዚያ ላይ አንድ ሰው ጋዜጣ ጠቅልሎ ወትፎበታል። ጋዜጣው ቢጫ ሆኖ፣ ዳርዳሩ ተበልቶ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ወድቋል። ይህን አይቼ ነው ሻንጣዬን ያስቀመጥኩት። አጎበሩም ያን ማታ አልመጣም፣ በማግሥቱም አልመጣም።

እዚህ ላይ ለአንባቢዎቼ የምለው አለ። በገብርኤል ሰሞን ሐዋሳ ለመሄድ ካሰባችሁ ክፍል ከኅዳር ጀምራችሁ ያዙ። ንግሥ ማክበር ካልሆነ ዓላማችሁ ደግሞ በዓሉን አሳልፋችሁ ሂዱ፤ ፀሐዩ እንደሆነ እስከ የካቲት አለ። ስልክ ስትደውሉ ዋጋና ሙቅ ውኃ ብቻ አትጠይቁ። አጎበር በእያንዳንዱ አልጋ አለ ወይ? የመስኮቱ ወንፊት ያልተቀደደ ነው ወይ? ቤቱ ከረግረግና ከሸምበቆ ምን ያህል ይርቃል? የሐይቅ ዕይታ ያለው ክፍል የሚያምረው ለዓይን ነው፤ ለእንቅልፍ ከሐይቁ ፈንጠር ያለው ይሻላል።

የገብርኤል ዕለት ከሌሊቱ ጀምሮ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይጎርፋል። እናቴን ከግፊያው ለማዳን ከቅጥሩ ውጭ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። ከሩቅ ተሳለመች፣ ስለቷን ሰጠች፣ ጠበል አስቀዳች። «ሞላልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ከተማው ቀለለ፣ እኛም ማረፍ ጀመርን።

ስለ ጥሩዎቹ ቀናት ሳልጽፍ ባልፍ ለሐዋሳ አዝናለሁ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከፀሐይ ጋር ወጥታ የፍቅር ሐይቅ የሚባለውን የሐይቁን ዳርቻ በዛፎቹ ጥላ እየተከተለች ትሄድ ነበር። በሦስተኛው ጠዋት ምርኩዟን ክፍል ረስታ መውጣቷን ልብ ያልኩት መንገድ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ምርኩዝ ተራመደች። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ያወጡትን ሲያራግፉ አየን፦ ቆሮሶ በክምር፣ ጢማሙ አምባዛ ለብቻው። ትንንሽ ልጆች ዓሣውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ቅርፊቱን ሲገፉና ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ እጃቸው አይታይም። ከኋላቸው አባ ኮዳዎቹ፣ ቁመታቸው የልጄን ትከሻ የሚያልፍ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ ወፎች፣ የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ልጄ አንዱ አባ ኮዳ የአምባዛ ራስ እንዳለ ሲውጥ አይቶ ለሳምንት ያንኑ ሲያወራ ከረመ። እናቴ የገና ጾም ላይ ስለነበረች ዓሣውን አልቀመሰችም፤ ልጄ የእሷንም ድርሻ በላ፣ ጉላሹንም ሾርባውንም።

ጀልባ ላይ የምትወጡ ከሆነ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ነፋስ ያነሣል፣ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። ቀዛፊው እናቴን «እማማ፣ እዚህ መሐል ይቀመጡ» ብሎ በክብር አሳፍሮ ጉማሬዎቹን ከሩቅ አሳየን። ለልጄ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት አምጣ ስለው ከሌላ ጀልባ ተበድሮ አመጣ። ሳትጠይቁ ላይሰጧችሁ ይችላሉ፣ ጠይቁ፤ ጉማሬ ጋም ቅረብልን አትበሉ።

ስለ መዋኘት ደግሞ፣ ልጅ ውኃ ሲያይ ልብሱን ማውለቅ ይቀናዋል። የሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ጥገኛው በዳር ዳር፣ ሣርና ሸምበቆ ባለበት በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል፣ ከእነሱ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ውኃ መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም፣ እግር መንከር ይበቃል። ስለዚህ ልጄን በሆቴል ገንዳ እንጂ በሐይቁ አላስዋኘሁትም። አሸዋ ላይ ተኝቶ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ለሚፈልግ በዚያው መንገድ ላይ ላንጋኖ አለ፤ ውኃው ቡናማ ነው፣ ከቢልሃርዚያ ነጻ መሆኑ ይነገርለታል፣ ሰውም ለመዋኘት የሚሄደው እዚያ ነው። ሐዋሳ ላይ የነከራችሁ ካላችሁ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ሰገራ ተመርመሩ። ከተገኘ በክኒን የሚድን ነገር ነው።

ቢልሃርዚያውን እንዲህ ስጠነቀቅ ሌላው ከጎኔ ነበር። የሐዋሳ ውብ ሰዓት ማታ 12 ሰዓት ነው። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ፣ ነፋሱ ሲረጋ፣ ሰው ሁሉ ዳርቻው ላይ ቡናውን፣ ለውዙን ይዞ ይቀመጣል። እኛም በየማታው እዚያው ነበርን። ልጄ በቁምጣ፣ ባዶ እግሩን፣ እስኪጨልም ሣሩ ላይ ይሮጣል። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ጠዋት ቁርጭምጭሚቱና ክንዱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አይቼ «ቢንቢ በላችህ» አልኩት፣ ሎሚ ቀባሁለት፣ አለፈ። አንዲት የከተማዋ ነዋሪ «እዚህ መሐል ከተማ ወባ ብሎ ነገር የለም፣ ድሮ ነው» ብላኝ ነበር። እሷ ከልቧ ነው የነገረችኝ። ግን የወባ ዋነኛው ወቅት ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መሆኑን፣ እኛ የሄድነው በዚያ ማብቂያ ላይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ለገና ቤታችን ገባን። እናቴ ለበዓል ዶሮውን ራሷ ገነጠለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ተመለሱ እንጂ! ወጣት ሆነው መጡ» አላት። ከበዓሉ በኋላ፣ ከተመለስን ሳምንት አልፎ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ራሱን ይዞ መጣ። ብርድ ብርድ አለው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬው እንኳ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ከዚያ እንደ እሳት ጋለ፣ ከዚያ በላብ ታጠበ። ሲነጋ ተነሥቶ ኳስ ፈለገ። ደብረ ብርሃን ነው፣ ጥር ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ተማሪ ያስላል። ጉንፋን ነው አልን።

ማታ ደገመው። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ጉሮሮውን አዩት፣ ደረቱን አዳመጡት፣ የጉንፋንና የትኩሳት መድኃኒት ሰጡን። የት ነበራችሁ ብሎ የጠየቀን የለም፣ እኛም አልተናገርንም። በ2,800 ሜትር ላይ የሚሠራ ባለሙያ በብርድ ወር ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ወባን አይደለም። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ለሰዓታት ያወርደዋል፣ እኛ ተሽሎታል እንላለን፣ ከዚያ ብሶ ይመጣል። ሲያስመልሰው «ጨጓራው ነው»፣ ሲደክመው «ስላልበላ ነው» እያልን ለእያንዳንዱ ምልክት ምክንያት አገኘንለት። የተኛበትን ትራስ በላብ ርሶ ስቀይር ልጄ ዓይኑን ገልጦ ስሜን ሳይሆን የአስተማሪውን ስም ጠራኝ። ጉልበቴ ከዳኝ።

ያዳነን ጎረቤታችን ነው። ጋሼ በወታደርነት ብዙ ዓመት ሁመራና መተማ የኖረ ሰው ነው፤ ሊጠይቀን መጥቶ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ልጁን አየውና የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቆላ ወርዷል?» ሐዋሳ ነበርን አልኩት። «እንግዲህ ይሄ ንዳድ ነው። አሁን፣ በዚህ ሰዓት ደም አስመርምሩት። እስኪነጋ አትጠብቂ ልጄ።» ባጃጅ የጠራልንም እሱ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ክፍሉ ላይ ከስሙ ቀድሜ «ሐዋሳ አድሮ መጥቷል» አልኩ። ይህቺ ቃል ሁሉንም ነገር አፋጠነችው። ከጣቱ ደም ወሰዱ፣ ላቦራቶሪው መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ አየው። ባለሙያዋ ወጥታ «እህቴ፣ ፋልሲፓረም ነው፣ ቁጥሩም ብዙ ነው። እንኳን መጣችሁ» አለችኝ። ከወባ ዓይነቶች ገዳዩ እሱ ነው። በቶሎ ካልታከመ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ አንጎል ወባ ሊለወጥ ይችላል። ልጄ ንግግሩ ስለተዛባ በክኒን ሳይሆን በደም ሥር በሚሰጥ አርቴሱኔት ነው የጀመሩለት፤ መዋጥ ሲችል ኮአርተም ወደሚባለው የወባ ክኒን አዞሩት።

ያን ሌሊት እናቴ ከአልጋው ግርጌ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያደረችው እኔንም ልጁንም እያየች ነው። ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። እሷ ሕፃን ሳለች እናቷ ሁለት ወንድሞቿን በንዳድ ያጣችው አዝመራ ለመሰብሰብ ቆላ ወርደው በተመለሱ በሳምንታት ውስጥ ነበር። ያ ዘመን እ.ኤ.አ. 1958 ነው፣ በእኛ ከ1950 ክረምት እስከ 1951 መጀመሪያ። ያኔ ወባው ከቆላ አልፎ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ወይና ደጋ ሁሉ ጠራርጎታል፤ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ገደማ እንደሞተ ይገመታል። ሕዝቡ የተፈጀው ወባን የማያውቅ ሰውነት ስለነበረው ነው። የድሮ ደገኛ «ቆላ ውረድ እንጂ አትደር» የሚለው ያለ ነገር አልነበረም። እናቴ ይህን ስትጨርስ «እኔ ነኝ ገብርኤል ገብርኤል ያልኩት» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ያጽናናኋት ስለ ጉልበቷ በማውራት ነው።

ልጄ የጥምቀትን ከተራ በሆስፒታሉ መስኮት በኩል በድምፅ ብቻ ሰማው። ለቃና ዘገሊላ ቤት ገባ። አሁን ደህና ነው፣ ክፍሉንም አልደገመም።

ከሐኪሞቹ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ትንኟ ዛሬ ነክሳ ነገ አያምም። ፋልሲፓረም አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ተደብቆ ይቆያል፤ ስለዚህ የእረፍት ጉዞው ሲረሳ፣ ፎቶውን ለሰው አሳይታችሁ ስትጨርሱ ነው የሚመጣው። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ለእሱ ትኩሳቱን ከሚያጠፋው መድኃኒት ሌላ ከጉበት የሚነቅል ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፣ ሳይጨርሱ ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ይጠራል። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ስለሚያዘው ሰውነቱ በከፊል ይለማመደዋል። የእኛ ሰውነት ግን አያውቀውም። «እነሱ ይኖሩበት የለ እንዴ» የሚለው ለእኛ አይሠራም።

ስለዚህ ከሐዋሳ፣ ከአዳማ፣ ከሶደሬ፣ ከላንጋኖ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ለእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ከሸዋ ሮቢት፣ አድራችሁ ከሆነ፣ እዚያ ከገባችሁ ከ7ኛው ቀን ጀምሮ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ቢያንስ እስከ ሦስት ወር የሚመጣ ማንኛውም ትኩሳት በደም ምርመራ ወባ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ወባ ነው ብላችሁ ያዙት። ምርመራው ቀላል ነው፣ የጣት ደም ነው፣ በጤና ጣቢያም ይሠራል። ባለሙያው ባይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት። የመጀመሪያው ምርመራ «የለም» ቢል፣ ትኩሳቱ ግን ካልተወ፣ በማግሥቱ ይደገምላችሁ።

ኮአርተም ከተሰጣችሁ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ውጦሽ ከመጀመሪያው ውጦሽ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይሆናል። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ፣ ያለዚያ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ጾም ላይ ከሆናችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ እንጂ በባዶ ሆድ አትዋጡት። የዋጠው ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው መድኃኒቱ መደገም ስላለበት ለባለሙያው ንገሩ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲጠፋ የቀረውን ክኒን ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥ ብዙ ሰው አለ። እባካችሁ ጨርሱት።

እንደሚጥል በሽታ የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚዘባርቅ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ዓይኑ ቢጫ ወይም ሽንቱ እንደ ጠላ የጠቆረ ሰው ካያችሁ ክሊኒክ ለክሊኒክ አትዙሩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በወባ ወቅት ወደነዚህ ቦታዎች ለመዝናናት ባይወርዱ ይሻላል።

ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ለተጓዥ አስቀድሞ የሚወሰድ የወባ መከላከያ ክኒን አለ፤ ለማን የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። መከላከያው ከተመለሳችሁ በኋላም ለሳምንታት የሚቀጥል ሊሆን ይችላል። አጎበር ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ መድኃኒት የተነከረውን። ታጥፎ ከአንድ ፎጣ አይበልጥም። ደብረ ብርሃን ካጣችሁ አዲስ አበባ ግዙ፤ ለቆላ ቤተሰብ በነጻ የታደለውን ግን ከሰው ላይ አትግዙ፣ ያ የአንድ ልጅ መኝታ ነው። ገመድና ጥቂት ሚስማር ያዙ፣ ክፍሉ መስቀያ ባይኖረው በመስኮቱና በቁምሳጥኑ መሐል ይወጠራል። ጫፉን ከፍራሹ ሥር አስገቡ፣ ከመተኛታችሁ በፊትም ውስጡን በባትሪ ፈትሹ። ሐይቅ ዳር መቀመጥ ተዉ አልልም፤ 12 ሰዓት ሲሆን ግን ልጆቹን ረጅም ሱሪ፣ እጀ ሙሉና ካልሲ አልብሷቸው፣ የቢንቢ ቅባት ቀቧቸው።

ዘንድሮ እንደገና ልንሄድ ነው። እናቴ ልጁ ታሞ ሳለ «ሁለተኛ ሐዋሳ አልልም» ብላ ነበር፤ ኅዳር ሲገባና ጉልበቷ መልሶ ሲታሰር ግን ራሷ ነች «የትንኙ መረብ ስንት ነው?» ብላ ያነሣችው። ገብርኤልን እዚሁ አገራችን አክብረን፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እንወርዳለን። ከሐይቁ ራቅ ያለ አንድ ማረፊያ ደውዬ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ «ሁሉም አለ እህቴ፣ አያስቡ» ሲለኝ፣ «ወንድሜ፣ የመስኮቱን ወንፊትና የሦስቱን አልጋ አጎበር ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ» አልኩት። ላከልኝ። አጉልቼ ጥጉን ሁሉ አየሁት፣ ቀዳዳ የለውም። ቀብዱን ከፈልኩ።